ካውንስሊንግ ቢሮ ገብቼ ምን ልበል?

ሰላም ናችሁ ውድ አንባቢዎቻችን። ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) አልቆ ውጤት መለጠፍ ሲጀምር ከየግቢው የሚመጣልን መልእክት ሁሌም ይበዛል፣ ዘንድሮም እንደዛው ነው፣ ስለዚህ የዚህን ወር አምድ ሙሉውን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው ሰጥተነዋል። ስምና የግቢ ስም አውጥተናል፣ በጣም የረዘሙትንም አሳጥረናል፣ ሌላው የናንተው ቃል ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ እኔ ሁለተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ነኝ። የመጣሁት ከወሎ ገጠር ነው፣ የተመደብኩት ግን ደቡብ ነው፣ ቤተሰብ ጋ ለመድረስ መንገድ አድሬ ነው። ሃይስኩል እያለሁ አንደኛ ነበርኩ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከትምህርት ቤታችን ያለፍነው በጣት የምንቆጠር ነን፣ በዛ ምክንያት ሰፈሩ ሁሉ "ኢንጂነሩ" ነው የሚለኝ። አሁን ግን ክላስ መግባት አቅቶኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ሊነጋጋ ሲል ይወስደኝና ስነቃ ምሳ ሰዓት አልፏል፣ አንዳንዴ ካፌም ሳልሄድ ይመሻል። ሁለት ሚድ አልተፈተንኩም። አባቴ ደውሎ "ትምህርት እንዴት ነው ልጄ" ሲለኝ "ጥሩ ነው አባዬ" እላለሁ፣ ላፕቶፕ የገዛልኝ በሬ ሸጦ ነው። ዶርም ያሉት ልጆች ሰነፍ ሆንክ ይሉኛል፣ እኔም እየመሰለኝ ነው። ባለፈው የምክር አገልግሎት የሚሰጥበት ካውንስሊንግ ቢሮ ድረስ ሄጄ ነበር፣ ግን ፊት ለፊቱ ለመታወቂያ የተሰለፉ ልጆች ነበሩ፣ እነሱ እያዩኝ ያንን በር ማንኳኳት አቃተኝና ዝም ብዬ አለፍኩት። ብገባስ ምን እላለሁ? ይሄ ነው የምለው በሽታ የለኝም እኮ። (ኤ.)

መልስ፦ ኤ. ወንድሜ፣ ለአባትህ መናገር የከበደህን ለኛ ስለፃፍክልን ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ ሰነፍ የሚለውን ነገር እናንሳው። የሰነፈ ሰው ክላስ ሲቀር ተመችቶት ተኝቶ ነው የሚቀረው፣ አንተ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትብሰለሰል እያደርክ ነው፣ ምግብ ትተሃል፣ ትወደው የነበረውን ትምህርት ማየት አስጠልቶሃል። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሃሳብ መሰብሰብ፣ ለነገሮች ያለህ ፍላጎት፣ እነዚህ ነገሮች ተያይዘው ከሁለት ሳምንት በላይ ሲበላሹና የቀን ኑሮህን ሲያስቆሙህ ባለሙያዎች ድብርት ሊሆን ይችላል ብለው ይመረምራሉ። ነው ወይም አይደለም ብዬ ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም፣ ፊት ለፊት አይቶህ የሚያነጋግርህ ሰው ነው የሚያስፈልገው፣ ግን ልትታይ የሚገባህ ደረጃ ላይ ነህ፣ ይሄን ሳልጠራጠር ነው የምልህ።

ደሞ ለምን እኔ ላይ ደረሰ ብለህ ራስህን አትውቀስ። በ2014 የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015ም 3.2፣ በ2016 ደሞ 5.4፣ አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች እኮ ከሺህ በላይ የሆኑበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ከዚህ ወንፊት ያለፈ ልጅ ግቢ ሲገባ ለራሱ ብቻ ሊማር አይደለም የሚገባው፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሰፈሩን፣ የአባቱን በሬ ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እዛ ሲደርስ ደሞ ዙሪያው ያለው ልጅ ሁሉ ከየሰፈሩ አንደኛ የነበረ ነው፣ ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ ቋንቋው ሌላ አየሩ ሌላ፣ እናቱ የምትሰራው ምግብ የለም፣ የመጀመሪያውን ሲ ሲያይ ደሞ ምድር ይከዳዋል። እንዳንተ የሚሆኑ ብዙ ልጆች አሉ፣ አታያቸውም ምክንያቱም እነሱም ብርድልብስ ተከናንበው ተኝተዋል።

ምን ልበል ላልከው፣ በጣም ቀላል ነው፣ ይሄን ለኛ የላክኸውን መልእክት ስልክህ ላይ ከፍተህ አንብብላቸው። ማንበብ ከከበደህ ስልኩን ስጣቸው፣ እነሱ ያንብቡት። ከዛ በኋላ ጥያቄውን የሚጠይቁት እነሱ ናቸው፣ መቼ እንደጀመረህ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ ትበላለህ ወይ፣ ጫት ወይ መጠጥ አለ ወይ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ጓደኛ አለህ ወይ። "መሞት ተመኝተህ ታውቃለህ?" ብለውም ይጠይቁሃል፣ እንዳትደነግጥ፣ ይሄን የሚጠይቁት የመጣውን ሁሉ ነው፣ እውነቱን ንገራቸው። የምታወራው ነገር ለዲፓርትመንትህም ለሬጅስትራርም አይሄድም፣ ሚስጥሩ የሚነሳው አንተ ራስህን ወይ ሌላ ሰው ልትጎዳ ነው የሚያሰኝ አደጋ ሲኖር ነው፣ እሱንም ጥሩ ካውንስለር ገና ከመጀመሪያው ይነግርሃል፣ ካልነገረህ አንተ ጠይቀው።

መድሃኒት ግን ካውንስለር አይሰጥም። የሚያስፈልግህ ከመሰለው ወደ ግቢ ክሊኒክ ወይ የሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሪፈር ያደርግሃል። የድብርት መድሃኒት የሚታወቅ ለውጥ ለማምጣት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፣ ብዙ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት "ምንም አልሰራልኝም" ብለው ይጥሉታል፣ ሲሻላቸው ደሞ ሃኪሙን ሳያማክሩ ያቆሙታል፣ ሁለቱንም እንዳታደርግ። ካውንስሊንጉም እንደዛው ነው፣ አንዴ ገብተህ ወጥተህ ቀለል ካላለህ "ወሬ ብቻ ነው" ብለህ እንዳትቀር፣ የመጀመሪያው ቀን ትውውቅ ነው፣ ስራው የሚጀምረው ከሁለተኛው ከሶስተኛው ቀጠሮ በኋላ ነው። ምናልባት መጀመሪያ የሚሰጡህ የቤት ስራ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነስተህ ቁርስ ካፌ መብላት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ይሄማ ምንድነው ብለህ አትናቀው፣ የተገለበጠ እንቅልፍ የሚስተካከለው ከመነሻ ሰዓቱ ነው።

ስለ ሰልፉ ያልከው ነገር እኔንም አናዶኛል። የተማሪዎች ዲን ቢሮ ውስጥ የምትሰሩ ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ እባካችሁ የካውንስሊንግ በር የመታወቂያ ሰልፍ፣ የክሊራንስ ሰልፍ፣ የኮስት ሼሪንግ ሰልፍ ፊት ለፊት አታድርጉት፣ አንድ ልጅ ስንት ቀን አስቦ ተነስቶ መጥቶ የክላሱን ልጆች ዓይን አይቶ ነው የሚመለሰው፣ ክፍሉን ወደ ጓሮ ማዞር በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። አንተ ግን ይሄ እስኪስተካከል አትጠብቅ ወንድሜ፣ ሰልፍ የሚቀልለው ከሰዓት መጨረሻ ላይ ነው፣ ወይ ደሞ ቀጥታ ክሊኒክ ሄደህ "እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል" በል፣ ክሊኒክ የሚገባን ልጅ ማንም ምን ሆነህ ነው አይለውም፣ እነሱ ራሳቸው ይልኩሃል።

አሁን የትምህርቱ ጉዳይ፣ ይሄን ደግመህ አንብበው። ብዙ ልጅ ከግቢ የሚባረረው ስለታመመ አይደለም፣ መታመሙን ሳይናገር ስለጠፋ ነው። ያልተፈተንካቸው ሁለት ሚዶች አሁን ገና ሊስተካከሉ ይችላሉ፣ ፋይናል ሳይደርስ መምህሮቹን ወይ አድቫይዘርህን አናግር፣ ክሊኒክ የታየህበትን ወረቀት ይዘህ። ሴሚስተሩን መጨረስ የማትችል ከመሰለህ ደሞ በወጉ ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ፎርም) መሙላት አለ፣ ፎርሙን ከሬጅስትራር ወስደህ፣ አስፈርመህ፣ ኮፒውን ይዘህ መውጣት፣ በጤና ምክንያት በወጉ የወጣ ልጅ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ጠይቆ ይመለሳል። ዝም ብሎ ቦርሳውን ይዞ ቤቱ የሄደ ልጅ ግን ስሙ ሊስቱ ላይ ይቀጥላል፣ ያልተፈተነው ኮርስ ሁሉ ወደ ኤፍ ይቀየራል፣ ሲመለስ ዲስሚሳል (መባረር) ነው የሚጠብቀው። ቀኑና አሰራሩ እንደየግቢው ሌጅስሌሽን (መተዳደሪያ ደንብ) ይለያያል፣ የመሙያው ቀን እንዳያልፍህ ነገ ዛሬ ሳትል ጠይቅ።

አባትህን በተመለከተ፣ ሁሉንም ባንድ ቀን ማውራት የለብህም። "አባዬ ትንሽ አሞኝ ነበር፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ክላስ አምልጦኛል፣ አሁን እየታየሁ ነው" ማለት ይበቃል፣ ይሄ እውነት ነው። በሬውን የሸጠ አባት ልጁ ጤና እንዲሆንለት ነው የሚፈልገው፣ በስልክ "ጥሩ ነው" ሲባል ኖሮ ድንገት ከመባረር ጋር ቢሰማው ግን የሚጎዳው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ሰላም። አንድ ዶርም የምንኖር ጓደኛዬ አለች፣ ሶስተኛ ዓመት ነን። ካለፈው ወር ጀምሮ ዝም ብላለች፣ "ብሞት ሁሉም ይገላገሉ ነበር" ትላለች፣ እኛ ቀልድ መስሎን ነበር። ሰሞኑን ግን የምትወደውን ነጠላዋን ሰጠችኝ፣ ሃንዳውቶቿን ለጁኒየር ልጆች አደለቻቸው፣ መመረቂያችን እኮ ገና ነው። የሚገርመው ከዛ በኋላ የተረጋጋች መስላለች። ለማንም እንዳልናገር በማርያም አስምላኛለች። ምን ላድርግ? (የጨነቃት)

መልስ፦ ይሄ መልስ እስኪታተም እንዳትጠብቂ ብለን ቀጥታ በስልክሽ መልሰንልሻል፣ እዚህ የምፅፈው በየዶርሙ እንዳንቺ ለጨነቃቸው ነው።

መሃላው ይቅር። ማርያም ሰው ሲሞት ዝም በይ አትልም፣ ህሊናሽን ከከበደሽ፣ በኋላ ለነፍስ አባትሽ ትነግሪያለሽ፣ እሳቸውም ቢሆኑ ዝም ማለት ነበረብሽ አይሉሽም። ዛሬውኑ ብቻችሁን ስትሆኑ ፊት ለፊት ጠይቂያት፣ "ራስሽን ስለማጥፋት እያሰብሽ ነው ወይ?" ብለሽ፣ በቃ እንደዚህ ነው የሚጠየቀው። መጠየቅ ሃሳቡን ያስገባባታል ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው፣ አያስገባባትም፣ እንደውም ብዙዎቹ የጠየቃቸው ሰው ሲያገኙ ነው እፎይ ብለው የሚያለቅሱት። "ምን ጎድሎብሽ፣ ስንቱ የሚመኘው ቦታ ላይ ሆነሽ" አትበያት፣ አትቆጪያት፣ አትከራከሪያት፣ ስሚያት።

አዎ ካለችሽ ወይ መልሱን ከሸሸችሽ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ሽንት ቤትም ቢሆን አብሯት የሚሄድ ሰው ይኑር፣ ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ከአጠገቧ አርቁ፣ አንዳችሁ ፕሮክተሯን (የዶርሙን ተቆጣጣሪ) ጥሩ፣ ፕሮክተሯ ክሊኒክ ትደውላለች፣ አምቡላንስ ይመጣል፣ ሌሊትም ቢሆን። "እስኪነጋ እንጠብቅ" የሚባል ነገር የለም። ነጠላዋን ስትሰጥሽ፣ ሃንዳውት ስታድል፣ ከዛ ድንገት ስትረጋጋ፣ ተሻላት ብሎ የሚዘናጋው ሰው ብዙ ነው፣ እኛ ግን በጣም የምንፈራው ይሄንን መረጋጋት ነው።

ምናልባት ደሞ ከነገሩ ጀርባ መደፈር ወይ የሚያስፈራራት ሰው ካለ የግቢው የስርዓተ ፆታ ቢሮ አለ። መደፈር ከሆነና ቅርብ ጊዜ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ አለባት፣ የኤችአይቪ መከላከያው መድሃኒት መጀመር ያለበት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው፣ አዲስ አበባ ላላችሁ ጋንዲ ሆስፒታል ህክምናውንም ምክሩንም የህግ ጉዳዩንም አንድ ቦታ ላይ የሚያገናኝ ማዕከል አለው። እሷን ጥፋተኛ የሚያስመስል አንድም ጥያቄ እንዳይወጣችሁ።

ከሆስፒታል ስትመለስ ደሞ ሸክሙን ብቻሽን አትያዢው፣ ተራ ግቡ፣ አንቺም ራስሽ ካውንስለር አናግሪ፣ ይሄን ያየች ልጅ ፋይናል ላይ ቁጭ ብላ ምንም እንዳልተፈጠረ መፃፍ አትችልም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች፣ ለገና መጥታ አልተመለሰችም። ሰዎች ስለኔ ያወራሉ ትላለች፣ ስልኬ ተጠልፏል ብላ ሰብራዋለች፣ ማንም በሌለበት ታወራለች፣ ሰውነቷን አትታጠብም። ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው፣ ግቢ ውስጥ መተት አድርገውባት ነው ይላል፣ ፀበል ውሰጃት ይሉኛል። ወንድሟ ደግሞ አማኑኤል ካልሄደች ብሎ ተጣልቶኛል። አማኑኤል ገባች ከተባለ ማን ያገባታል፣ ትምህርቷስ? (እናት፣ ከሸዋ)

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎት። ወንድሟም እህቱን ይወዳል እርስዎም ልጅዎን ይወዳሉ፣ መጣላቱ ይቅርና ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ፀበሉን ይውሰዷት፣ ህክምናውን ደግሞ ያስጀምሯት፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ስኳር ያለበት ሰው ፀበል ሲጠመቅ መርፌውን እንደማያቆም ሁሉ እሷም መድሃኒቷን እየወሰደች ትጠመቅ፣ መድሃኒቱን ጣይው የሚል ሰው ከመጣ ግን አይስሙት። እባክዎን ደሞ እንዳትታሰር፣ እንዳትገረፍ፣ በምግብ እንዳትጎዳ እርስዎ አጠገቧ ይሁኑ።

የነገሩኝ ምልክት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ የሚከታተላት መምሰል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ በአፍላው ዕድሜ ነው፣ ግቢ ስለገባች የመጣ መተት አይደለም። ቶሎ የታከመ ሰው የተሻለ ነው የሚድነው፣ ወራት እያለፈ ሲሄድ ግን ይከብዳል፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። አማኑኤል ብቻ አይደለም ደግሞ ያለው፣ ድሮ ነው እንደዛ የነበረው፣ አሁን ጳውሎስም፣ ጎንደርም፣ ጅማም፣ ሌሎችም ትልልቅ ሆስፒታሎች የሳይካትሪ ክፍል አላቸው፣ አቅራቢያዎ ያለው ሆስፒታል ይሂዱና ይጠይቁ፣ ሪፈር ይፅፉልዎታል። አማኑኤል ከሄደችም አማኑኤል ሆስፒታል ነው እናቴ፣ ታክሞ ወጥቶ ስራ የያዘ፣ ያገባ፣ የወለደ ስንት ሰው አለ፣ አያወራውም እንጂ።

ትምህርቷን ማትረፍ ይቻላል። ወንድሟ የሃኪም ወረቀቷን ይዞ ግቢዋ ድረስ ይሂድና የተማሪዎች ዲን ቢሮና ሬጅስትራር ቀርቦ በጤና ምክንያት መቅረቷን ያስመዝግብ፣ የማህተሙን ኮፒ ይዞ ይመለስ። ቶሎ ይሂድ፣ ሴሚስተሩ ሳያልቅ።

ጥያቄ፦ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ወደቅኩ። ጓደኞቼ ዲግሪያቸውን ይዘው ሄዱ፣ እኔ ግን ቤት ቁጭ ብያለሁ፣ ሰርግም ለቅሶም አልሄድም፣ ሰው "ተመረቅሽ አይደል" እንዳይለኝ። ከግቢ ከወጣሁ በኋላ ካውንስለር ያየኛል? (ኤች.)

መልስ፦ ኤችዬ፣ 2015 ላይ ይሄ ፈተና ከተጀመረ ወዲህ አንቺ ያለሽበት ቦታ ላይ የተቀመጠ ልጅ በጣም ብዙ ነው። 50 ከመቶ ያላመጣ ድጋሚ መፈተን ይችላል፣ በር አልተዘጋብሽም። ያጠናሻቸው ኮርሶችም የትም አልሄዱም፣ ሶስት አራት ዓመት የለፋሽበትን አንድ ቀን ኮምፒውተር ላይ የተቀመጥሽበት ፈተና አይሰርዘውም።

ካውንስለር ያየኛል ወይ ላልሽው፣ እንደየግቢው ነው፣ ቅርብ ከሆንሽ ሄደሽ ጠይቂ፣ ዲፓርትመንትሽ ቱቶሪያል ሲሰጥ ድጋሚ ተፈታኞችንም የሚያስገባ ካለ አብረሽ ጠይቂ። ሩቅ ከሆንሽ በጤና ጣቢያም የአእምሮ ጤና የሰለጠኑ ነርሶች ያሉበት አለ። ለሰዎቹ ደሞ አንዴ መልስ አዘጋጂ፣ "ኤግዚቱን ድጋሚ እየተዘጋጀሁ ነው" በያቸውና ወሬውን ቀይሪ፣ ከዛ ለቅሶውም ሰርጉም ይቀልልሻል። የሚያጠና አንድ ሰው ፈልጊና ቀጠሮ ያዙ፣ ቤት ብቻሽን ተዘግተሽ ማጥናቱ ነው ያደከመሽ።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ካውንስለር ተብሎ የተቀመጠው ሳይኮሎጂ ያስተማረን መምህር ነው፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ኤንድ ላይፍ ስኪልስን የሰጠን እሱ ነው፣ ሌላ ኮርስም ገና ይሰጠናል። ስለ ቤተሰቤ ነግሬው ክላስ ውስጥ እንደ ምሳሌ ቢያወራውስ? (ዜድ)

መልስ፦ ፍርሃትህ ልክ ነው። ያንተን ውጤት የሚሞላ ሰው ያንተን ሚስጥር መያዝ የለበትም፣ ይሄ የሙያው ስነ-ምግባር ነው፣ ሰው ስለሌላቸው ግን ብዙ ግቢዎች ላይ መምህሩ በትርፍ ሰዓቱ ካውንስለር ሆኖ ይሰራል። መጀመሪያ ለራሱ ንገረው፣ "መምህር፣ እርስዎ ስለሚያስተምሩኝ ሌላ ሰው ቢያናግረኝ ይሻለኛል" በለው፣ ሙያውን የሚያውቅ ከሆነ አይቀየምህም። ለሱ መናገር ከከበደህ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ሄደህ ሌላ ሰው ይመደብልኝ በል፣ የቤተሰብህን ጉዳይ እዛ መዘርዘር አይጠበቅብህም፣ "መምህሬ ነው" ማለት ይበቃል። ሴት ካውንስለር ወይ ወንድ እፈልጋለሁ ማለትም ትችላለህ፣ ክሊኒክ ውስጥ የሳይካትሪ ነርስ ካለ እሱም አለልህ።